«ቀልበ ቢስ» ስለምንላቸው ሕፃናት፦ ከፕሮፌሰር ቨርጂኒያ ዳግላስ ጥናት የምንማረው

ከሁለት ዓመት በፊት፣ በጥቅምት ወር መጀመሪያ፣ ከአንድ ደብር ሰበካ ጉባኤ የተላከ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ። ደብዳቤው ሁለት ነገሮችን ይጠይቅ ነበር። አንደኛው፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ መስኮቶች ወደ ገበያው መንገድ የሚያዩ በመሆናቸው፣ የሕፃናቱ ቀልብ በሚያልፈው ሰውና ከብት እየተወሰደ ስላስቸገረ ለመጋረጃና ለእንጨት መከለያ የሚሆን ገንዘብ እንዲፈቀድ ነው። ሁለተኛው፣ በሕፃናት ድጋፍ መዝገብ ላይ ስሙ የሠፈረ አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ «ምክር የማይሰማ፣ ሌሎችን የሚያውክና ቀልበ ቢስ» ስለ ሆነ ከመዝገቡ ተሰርዞ በሌላ ችግረኛ ሕፃን እንዲተካ ነው። ቃለ ጉባኤው በሰባት አባላት ተፈርሟል፤ ማኅተሙም በወግ ተመቷል። የጎደለ ነገር ስላላየሁበት ሁለቱንም ጥያቄዎች አጽድቄ መለስሁ።

ከስድስት ወር በኋላ የመጣው ሪፖርት መጋረጃው መሰቀሉን በደረሰኝና በፎቶግራፍ አስደግፎ ይገልጻል። በመጨረሻው ገጽ ላይ ግን «የሕፃናቱ የትኩረት ማነስ እንደ ቀጠለ ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ተጨምሮበት ነበር። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ያች ዓረፍተ ነገር ናት። መስኮቱ ተከልሎ፣ ያወከ የተባለውም ልጅ ተወግዶ ችግሩ እንዴት ሊቀጥል ቻለ? ስለ ሕፃናት ትኩረት የተጻፈውን መፈለግ ጀመርሁ፤ ፍለጋውም ከሃምሳ ዓመት በፊት በካናዳ፣ በሞንትሪያል ከተማ ወደ ተሠራ ጥናት አደረሰኝ። የጥናቱ መሪ ፕሮፌሰር ቨርጂኒያ ዳግላስ ይባላሉ። በማክጊል ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና መምህርት ነበሩ፤ ከሞንትሪያል የሕፃናት ሆስፒታል ሐኪሞችም ጋር አብረው ይሠሩ ነበር። ሰበካ ጉባኤያትና አባቶች ካህናት ይህን ጥናት ቢያውቁት ይጠቅማል ብዬ ስላመንሁ በዚህ ዕትም እንደ ትምህርት አቅርቤዋለሁ።

አስቀድሞ መነገር ያለበት፣ መስኮት የመከለል ሐሳብ የዚያ ደብር ብቻ አለመሆኑ ነው። በ1902 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ጆርጅ ስቲል በለንደን ባቀረቡት ተከታታይ ትምህርት፣ አእምሯቸው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ራሳቸውን መግዛት የሚሳናቸውን ሕፃናት ገልጸው ነበር። እርሳቸው ነገሩን የሥነ ምግባር ቁጥጥር ጉድለት አድርገው አዩት። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ሌላ አስተሳሰብ ገነነ። አልፍሬድ ስትራውስና ላውራ ሌቲነን በ1947 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ እንዲህ ያሉ ሕፃናት ከውጭ የሚመጣውን ድምፅና ትዕይንት ማጣራት ስለማይችሉ ክፍላቸው ከማንኛውም ማዘናጊያ የጸዳ እንዲሆን መከሩ። በዚህ ምክር መሠረት በተዘጋጁ ክፍሎች ግድግዳው ላይ ሥዕል አይበዛም፤ መስኮቱ ይጋረዳል፤ መምህርቷም ደማቅ ልብስ አትለብስም፣ ጌጥም አታደርግም። ሐሳቡ ለሰሚው ደስ የሚል ነው። እኔም ገንዘቡን ያጸደቅሁት ምክንያቱ ግልጽ ሆኖ ስለ ታየኝ ነበር።

ፕሮፌሰር ዳግላስና ባልደረቦቻቸው ግን ይህን አስተሳሰብ ሳይፈትኑ ሊቀበሉት አልፈለጉም። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ከመጠን በላይ ይቅበጠበጣሉ ተብለው ወደ ሆስፒታሉ የመጡትን ሕፃናት ከሌሎች የዕድሜ እኩዮቻቸው ጋር እያነጻጸሩ አንድ በአንድ መረመሯቸው። ከተጠቀሙባቸው መፈተኛዎች አንዱ እጅግ ቀላል ነው። ሕፃኑ በአንድ ማሳያ ፊት ይቀመጣል፤ ፊደላት እየተፈራረቁ ብቅ ይላሉ፤ የተወሰነው ፊደል ከሌላ የተወሰነ ፊደል ቀጥሎ ሲመጣ ብቻ ሕፃኑ ቁልፍ ይጫናል። ሌላ ምንም የለበትም። ሥራው አሰልቺ ነው፤ እንዲሰለችም ታስቦ የተዘጋጀ ነው፤ የሚለካው ዕውቀት ሳይሆን ቀልብን አጽንቶ መቆየት ነውና።

ውጤቱ ምን ሆነ? እነዚያ ቅብጥብጥ የተባሉ ሕፃናት ከእኩዮቻቸው ይልቅ ብዙ ፊደል አመለጣቸው፤ መጫን በማይገባቸውም ጊዜ ብዙ ጊዜ ተጫኑ። ጊዜው በረዘመ ቁጥር ሥራቸው እየደከመ ሄደ። ለአጭር ጊዜ ብቻ ማስተዋልን በሚጠይቅ ሥራ ግን ከእኩዮቻቸው እምብዛም አይለዩም ነበር። እንግዲህ አእምሯቸው ማየትም ማወቅም አልተሳነውም፤ የተሳነው መጽናት ነው። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነጥብ ደግሞ ቀጥሎ ያለው ነው። ከውጭ የሚመጣ ረብሻ ሲጨመር፣ እነዚህ ሕፃናት ሁልጊዜ ከሌሎቹ የባሰ የሚናወጡ ሆነው አልተገኙም። ምንም ረብሻ በሌለበት ጸጥታ ውስጥም ቀልባቸው ይሸሻል። የሚወስዳቸው ነገር ከመስኮቱ ውጭ ያለው አልነበረም ማለት ነው። መስኮቱን መከለል ለሁሉም ሕፃን መጠነኛ ጸጥታ ይሰጥ እንደ ሆነ እንጂ፣ ይህን ሕፃን ግን አያስተካክለውም።

ሌላው መፈተኛ በሥዕል የሚሠራ ነው። ለሕፃኑ አንድ ሥዕል ይቀርብለታል፤ ከሥሩ እርሱኑ የሚመስሉ ስድስት ሥዕሎች አሉ። አንዱ ብቻ ከላይኛው ጋር ፍጹም አንድ ነው፤ ሌሎቹ በጥቂት ነገር፣ በአንድ መስመር ወይም በአንድ ነጥብ ይለያሉ። አስተዋይ ሕፃን ዐይኑን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ እያመላለሰ ይመረምራል። ቅብጥብጡ ሕፃን ግን መጀመሪያ ዐይኑ ያረፈበትን ጠቁሞ ይጨርሳል፤ ይሳሳታል፤ እንደገና ይጠቁማል፤ እንደገና ይሳሳታል። ይህን ያነበበ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር ሁሉ፣ ጥያቄው ሳያልቅ እጁን የሚያወጣውንና ሲጠየቅ የሚመልሰው የሌለውን ልጅ ያስታውሳል። ልጁ ሊዋሽ ወይም ሊያሾፍ ፈልጎ አይደለም፤ እጁ ከአሳቡ ቀድሞ ስለሚነሣ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን ፕሮፌሰር ዳግላስ ከባልደረባቸው ከፍራይበርግስ ጋር በ1969 ያሳተሙት ጥናት ነው። ሕፃናቱ አንድን ነገር ከሌላው የመለየት ትምህርት ተሰጣቸው። አንዳንዶቹ በትክክል በመለሱ ቁጥር፣ ሳይቋረጥ፣ ወዲያው ይሸለማሉ፤ ሌሎቹ ግን አልፎ አልፎ ብቻ ይሸለማሉ። ሳይቋረጥ በተሸለሙበት ሁኔታ ቅብጥብጦቹ ሕፃናት እንደ እኩዮቻቸው ተማሩ። ሽልማቱ አልፎ አልፎ በሆነበት ጊዜ ግን እኩዮቻቸው ትምህርቱን ሲይዙ እነርሱ ወደ ኋላ ቀሩ። የሕፃኑ አእምሮና የትምህርቱ ክብደት ያው ነው፤ የተለወጠው ምላሹ የሚደርስበት ጊዜ ብቻ ነው። ፕሮፌሰሯ በ1980ዎቹ ሐሳባቸውን አስፍተው ሲጽፉ፣ የእነዚህ ሕፃናት ችግር ትኩረትንና ጥረትን ከማጽናትና ከችኩልነት በተጨማሪ ወደ ፈጣን ዋጋ የሚስብ ብርቱ ዝንባሌ እንዳለበት ገልጸዋል።

በየቤቱ የሚሰማው «ሲፈልግ ይችላል» የሚለው አባባል ከዚህ የተነሣ የሚመጣ ይመስለኛል። ወላጅ ልጁ ኳስ ሲጫወት ወይም ቴሌቪዥን ሲያይ ሳይነቃነቅ ሁለት ሰዓት እንደሚቆይ ያያል፤ ዳዊት ሲደግም ወይም የቤት ሥራ ሲሠራ ግን አምስት ደቂቃ አይቀመጥም። ስለዚህ «ስንፍና ነው፣ ድፍረት ነው» ይላል፤ ቀጥሎም አለንጋ ያነሣል። ነገር ግን ኳስ ለመታት ሁሉ ወዲያው መልስ ትሰጣለች። የቤት ሥራ የሚመለሰው በነጋታው ነው፤ አንዳንዴም ሳይታረም ይቀራል። ልጁ የጎደለው ፈቃድ ቢሆን ኖሮ፣ ምላሹ ሲቀርብለት ልዩነቱ ባልጠፋም ነበር።

ፕሮፌሰር ዳግላስ በ1971 የካናዳ የሥነ ልቡና ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነው ባደረጉት ንግግር ይህን ሁሉ ሰብስበው አቀረቡ፤ ንግግሩም በ1972 ታተመ። ርእሱ «ቁም፣ ተመልከት፣ አድምጥ» የሚል ነው፤ በባቡር ሐዲድ ማቋረጫ ላይ ለመንገደኛ የሚጻፈው የታወቀ ማስጠንቀቂያ ነው። ፍሬ ነገሩም የእነዚህ ሕፃናት ዋና ችግር መቅበጥበጣቸው ሳይሆን፣ ትኩረትን ማጽናትና ራስን መግታት አለመቻላቸው ነው የሚል ነበር። በ1968 የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ሕመሙን በሰውነት እንቅስቃሴው ብቻ ሰይሞት ነበር። በ1980 የወጣው ቀጣዩ መመሪያ ግን «የትኩረት ጉድለት ችግር» ብሎ ሰየመው፤ ለዚህ ለውጥ የሞንትሪያሉ ቡድን ሥራ ዋነኛ ምክንያት እንደ ነበረ ይታወቃል። በ1987 ስሙ «የትኩረት ጉድለትና የመቅበጥበጥ ችግር» ተብሎ ተሻሻለ፤ ዛሬ ባለሙያዎች በአጭሩ ኤ ዲ ኤች ዲ የሚሉት ይህንኑ ነው።

እኔ ዲያቆን ነኝና የንግግራቸውን ርእስ ሳነብ ፈገግ አልሁ። በቅዳሴ ጊዜ የዲያቆኑ አንዱ ድርሻ ይኸው አይደለምን? የተቀመጠው እንዲነሣ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ እንዲመልስ፣ እንዲያስተውል፣ እንዲጸልይ በየመካከሉ ያውጃል። ሥርዓቱን የሠሩት አባቶች የሰው ቀልብ አንድ ጊዜ ከተሰበሰበ ሳይበተን እስከ ፍጻሜ ይቆያል ብለው አላሰቡም፤ አዋቂውን ሰው እንኳ ደጋግመው ይጠሩታል። ይህ የእኔ ማመሳሰል እንጂ የፕሮፌሰሯ አይደለም፤ ነገር ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ያለ አንዳች ጥሪ ጸጥ ብለው እንዲቀመጡ የምንጠብቅባቸው ሕፃናት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ከማንም ይልቅ ከባድ ሸክም እንደ ተጫነባቸው ያሳየኛል።

የአብነት ትምህርት ቤታችንንም በዚህ ዐይን ተመለከትሁት። በንባብ ቤት ፊደል የሚቆጥረው ልጅ ስንደዶውን ይዞ ከፊደል ወደ ፊደል ይጠቁማል፤ የኔታ ወይም ከእርሱ የቀደመው ተማሪ አጠገቡ ተቀምጦ ያስነብበዋል። ሲሳሳት እዚያው ይታረማል፤ ሲያቀና ወደሚቀጥለው ይሻገራል። ማንም ሳምንት ቆይቶ ውጤቱን አይነግረውም። አፉም፣ እጁም፣ ጆሮውም ሥራ አላቸው። ስለ ሽልማትና ስለ ፈጣን ምላሽ ጥናት ከመሠራቱ እጅግ አስቀድሞ ይህ ሥርዓት ምላሹን ከጥረቱ አጠገብ አስቀምጦት ነበር። ያለፈውን ሁሉ ለማሞገስ ግን አልሻም፤ በዚያው ጉባኤ ቤት አለንጋም ነበረ፤ በአለንጋው ምክንያት ትምህርቱን ጥሎ የጠፋውን ልጅ ቁጥር የመዘገበ ሰው የለም። እንዲያም ሆኖ፣ በአሁኑ ጊዜ በብዙ አጥቢያዎች እንደምናየው አንድ መምህር ለሰማንያ ሕፃናት በድምፅ ማጉያ ከሚሰጠው ስብከት ይልቅ፣ ያ የአንድ ለአንድ ማስነበብ ለቁንጥንጡ ልጅ የሚስማማ መሆኑን ለመናገር አላመነታም።

ከዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ይህን ጽሑፍ ያነበበ ኮሚቴ ተነሥቶ «እገሌ ኤ ዲ ኤች ዲ አለበት» ብሎ ስም እንዲያወጣ አልፈልግም። ይህን የሚወስነው የሠለጠነ የጤና ባለሙያ ነው፤ ባለሙያውም በአንድ ቀን አይወስንም። አሁን በሥራ ላይ ያለው መመሪያ ምልክቶቹ ቢያንስ ለስድስት ወር የቆዩ፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት ዕድሜ በፊት የጀመሩ፣ በቤትም በትምህርት ቤትም ወይም በሌላ ቢያንስ ሁለት ቦታ የሚታዩና የልጁን ኑሮ የሚጎዱ እንዲሆኑ ይጠይቃል። በሰንበት ትምህርት ቤት ብቻ የሚያውክ ልጅ ችግሩ ከልጁ ይልቅ ከትምህርቱ አሰጣጥ ሊሆን ይችላል። በዓለም ዙሪያ የተሠሩትን ጥናቶች አንድ ላይ ያጠኑ ተመራማሪዎች ችግሩ ከመቶ ሕፃናት በአምስቱ ገደማ እንደሚገኝ ገምተዋል። ሰማንያ ሕፃናት ባሉበት አዳራሽ ይህ አራት ልጆች ያህል ማለት ነው፤ አዳራሹ በሙሉ የሚንጫጫ ከሆነ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው።

ምክንያቶቹም ብዙ ናቸው። ቁርስ ሳይበላ የመጣ ልጅ አያስተውልም። በደም ማነስ የደከመ፣ ጆሮው በደንብ የማይሰማ፣ ከሩቅ ማየት የማይችል ልጅም እንዲሁ ነው። አንዳንድ የሚጥል በሽታ ዓይነት ልጁን መሬት ላይ ሳይጥለው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ያፈዘዋል፤ መምህሩም «ፈዛዛ» ብሎ ያልፈዋል። ወላጁን ያጣ፣ ከቀዬው የተፈናቀለ፣ በቤት ውስጥ ድብደባ የሚያይ ልጅ ቀልቡ ሌላ ቦታ ነው። በድጋፍ መዝገባችን ላይ ስማቸው ያለው ሕፃናት አብዛኞቹ ከእነዚህ ችግሮች ቢያንስ አንዱን የቀመሱ ናቸው፤ ስለዚህ የእኛ ኮሚቴዎች ከሌላው ይልቅ ለመፍረድ ሊዘገዩ ይገባል። የማያውኩትም እንዳይረሱ፦ ዝም ብለው ተቀምጠው ቀልባቸው ርቆ የሚሄድ፣ በተለይም ሴቶች ልጆች፣ ማንንም ስለማይረብሹ ማንም አይጠይቃቸውም። በ1980 ስሙ ከእንቅስቃሴ ወደ ትኩረት መዞሩ እነዚህንም ለማየት ረድቷል።

ካህናት አባቶቻችን ዘንድ ጉዳዩ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በሌላ መንገድ ነው። እናት ልጇን ይዛ ወደ ንስሐ አባቷ ትመጣለች፤ «ዐይን በልቶት ነው፣ መንፈስ ይዞት ነው» ብላ ወደ ጠበል ትወስደዋለች። ጸሎቱንና ጠበሉን የሚከለክል የለም። በኤች አይ ቪ ወረርሽኝ ጊዜ ጠበልና መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ፣ አንዱ ሌላውን እንደማይሽር ለምእመናን ስንናገር ቆይተናል፤ ይህም ከዚያ የተለየ አይደለም። ነገር ግን ልጁ በሌሎች ፊት «ርኩስ መንፈስ አለበት» ከተባለ፣ ስሙ ከሕመሙ ይልቅ ይጎዳዋል፤ ሰንበት በመጣ ቁጥር ጓደኞቹ ይሸሹታል። የንስሐ አባት ለእናቲቱ ሊነግሯት የሚችሉት ታላቅ ነገር፣ ልጁ ክፉ አለመሆኑንና በአቅራቢያዋ ወዳለው ጤና ጣቢያ መሄድ እንዳለባት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ጤና ሕክምናን ወደ ጤና ጣቢያ ለማውረድ ያዘጋጀው መመሪያ ስለ ሕፃናት የጠባይ ችግር የተለየ ክፍል አለው፤ በአገራችንም በዚህ መመሪያ የሠለጠኑ የጤና ባለሙያዎች አሉ። ከዚያ በላይ የሆነው በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይላካል። መድኃኒትን በተመለከተ፣ የሞንትሪያሉ ቡድን ራሱ ሜቲልፌኒዴት የተባለውን መድኃኒት ፈትኖ ሕፃናቱ በዚያ አሰልቺ የፊደል ሥራ ላይ ይበልጥ እንዲጸኑ ማስቻሉን አይቷል። ይህ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝና ክትትል ብቻ የሚወሰድ ነው፤ ከገበያ የሚገዛ፣ ከጎረቤትም የሚዋሱት አይደለም።

የፕሮፌሰር ዳግላስ ሥራ ሁሉ እንደ ታሰበው ተሳክቷል ማለት አይቻልም። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው ሕፃናቱ ከመመለሳቸው በፊት ራሳቸውን በቃል «ቆይ፣ ጥያቄው ምንድን ነው? ሁሉንም አይቻለሁን?» እያሉ እንዲጠይቁ አሠልጥነው ነበር። በሥልጠናው ክፍል መሻሻል ታየ። በኋላ የተሠሩ ተመሳሳይ ሙከራዎች ግን ልጁ ከክፍሉ ወጥቶ ወደ ትምህርት ቤቱና ወደ ቤቱ ሲመለስ የተማረው ነገር አብሮት እንደማይሄድ ብዙ ጊዜ አሳይተዋል። የእርሳቸውን መንገድ ተከትለው ከሠሩት አንዱ አሜሪካዊው ራስል ባርክሌ ከዚህ በመነሣት፣ ልጁ የጎደለው ማድረግ ያለበትን ማወቅ ሳይሆን የሚያውቀውን በጊዜው መፈጸም ስለ ሆነ፣ እርዳታው ሥራው በሚሠራበት ቦታና ሰዓት መገኘት አለበት ይላሉ። ይህ ለእኛ ቁም ነገር አለው፤ ልጁን በዓመት አንድ ጊዜ ቢሮ ጠርተን በምክር ማሰናበታችን ለምን ፍሬ እንዳላፈራ ይነግረናልና።

ታዲያ በአጥቢያ ምን ይደረግ? አብዛኛው ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ሁለት ሰዓት የሚፈጀውን ትምህርት ሩብ ሰዓት በሩብ ሰዓት ከፋፍሎ በመካከሉ መዝሙር ማስገባት ይቻላል፤ መዝሙሩ ጭብጨባና ሽብሸባ አለውና ሰውነት እረፍት ያገኛል። ሰማንያውን ሕፃናት ለታላላቆቹ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በስምንት በስምንት ማካፈል፣ የንባብ ቤቱን አስነባቢ ወደ አዳራሹ መመለስ ነው። ቁንጥንጡ ልጅ ከመምህሩ አጠገብ ይቀመጥ፤ ትእዛዝ ሲሰጠው አንድ በአንድ ይሁን፤ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ የታዘዘ ልጅ አንዱን እንኳ አይፈጽምም። ጥሩ ሲሠራ በዚያው ቅጽበት፣ በስሙ ተጠርቶ ይነገረው። ምንጣፍ ማንጠፍ፣ ወንበር መደርደር፣ መጻሕፍት ማከፋፈል የመሳሰለ እንቅስቃሴ ያለበት ኃላፊነት ይሰጠው፤ ሆኖም እንደ ቅጣት አይሁን። በሕዝብ ፊት ማሳፈርና መምታት ግን ፈጽሞ ይቅር። በትር ልጁን ለደቂቃዎች ዝም ያሰኘው ይሆናል፤ ትኩረትን የማጽናት ችሎታ ግን በበትር አይመጣም። ይህን ስናገር አንዳንድ አባቶች «እኛም ተገርፈን ነው የተማርነው» እንደሚሉ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ዛሬ ይህን የሚነግሩን ግን የጸኑት ናቸው።

በዚያው ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት የአእምሮ ሐኪም ጋብሪዬል ዋይስ እነዚህን ሕፃናት ለዓመታት ተከታትለው እስከ ጎልማሳነት አደረሱ፤ ከሊሊ ሄክትማን ጋርም በ1986 የክትትሉን ውጤት በመጽሐፍ አሳተሙ። እስከዚያ ድረስ ብዙዎች ችግሩ ከጉርምስና ጋር ይጠፋል ብለው ያስቡ ነበር። ክትትሉ ግን ከእነርሱ ብዙዎቹ ጎልማሳ ከሆኑም በኋላ ችግሩ በከፊል እንዳልለቀቃቸው፣ ይሁን እንጂ ጥቂት የማይባሉት ሠርተው፣ ቤት መሥርተው እንደሚኖሩ አሳየ። ከልጅነታችሁ ይልቅ የረዳችሁ ምንድን ነው ተብለው ሲጠየቁ ደጋግመው የሰጡት መልስ፣ ያመነብኝ አንድ ሰው ነበረ የሚል ነው፤ ያ ሰው ለአንዱ እናቱ፣ ለሌላው መምህሩ ነበር። ይህን ባነበብሁበት ማታ በሰባት ፊርማ የመጣው ቃለ ጉባኤ ትዝ አለኝ። ስምንተኛው ፊርማ የእኔ ነው።

ባለፈው መጋቢት ለክትትል ወደዚያ ደብር ሄድሁ። መጋረጃው ከአዳራሹ ወርዷል፤ በበጋ ሙቀቱ ስላስቸገራቸው አውርደው በዕቃ ቤት አስቀምጠውታል። ስለ ልጁ ጠየቅሁ። አሁን አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ድጋፉ ከተቋረጠ በኋላ እናቱ የደብተሩንና የደንብ ልብሱን ወጪ መቻል ስላቃታት አንድ ዓመት ከትምህርት ቤት ቀርቶ በገበያው ዕቃ ሲሸከም ከርሟል፤ አሁን ተመልሶ ሦስተኛ ክፍል ገብቷል። ጤና ጣቢያ ወስዶት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ከሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ጋር ሆነን እናቱን አነጋገርናት፤ በማግስቱ ከሰንበት ትምህርት ቤቱ አንዲት ወጣት መምህርት ጋር ወሰደችው። ባለሙያው መጀመሪያ ዐይኑንና ጆሮውን መረመረ፤ ቀጠሮም ሰጠው። ምርመራው ገና አላለቀም።

ከዚያ ወዲህ በእኔ በኩል የሚያልፉ የስረዛ ጥያቄዎች ሁሉ ሦስት ነገሮችን እንዲይዙ አድርጌአለሁ፦ ልጁ በቤትና በትምህርት ቤት እንዴት እንደ ሆነ ተጠይቋልን? ጤና ጣቢያ ታይቷልን? በአዳራሹ ለእርሱ ሲባል የተለወጠ ነገር አለን? ለሦስቱም መልስ የሌለው ደብዳቤ ሳይፈረም ይመለሳል፤ እስካሁን አራት ተመልሰዋል፤ ከአራቱ ሦስቱ ዳግመኛ አልመጡም። የዚያን ልጅ ቦታ ግን መመለስ አልቻልሁም። በእርሱ ፋንታ የገባችው ሕፃን ወላጅ አልባ ናት፤ እርሷን አስወጥቶ እርሱን መመለስ አይገባም። ሰበካ ጉባኤው የመጀመሪያው ክፍት ቦታ የእርሱ እንዲሆን በቃለ ጉባኤ ወስኗል፤ በዚህ ዓመት ክፍት ቦታ አልተገኘም።